“አትቁጠሪ” ከማለታችን በፊት

በሠርግም ሆነ በመልስ ዕለት ሙሽሮችን ከሚመክሩ ሽማግሌዎች አፍ የማይጠፋ ቃል አለ፤ “በትዳር ሒሳብ አይያዝም።” ማን ምን አመጣ፣ ማን ምን አደረገ እየተባለ ሲቆጠር ፍቅር ይሸሻል፤ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳሉና የአንዱ ድካም የሌላውም ነው ይባላል። ምክሩ በበጎ ልብ የሚሰጥ ነው፤ ብዙ ቤትም አቁሟል። ነገር ግን ከሠርጉ ዓመታት በኋላ፣ ጭቅጭቁ ሲከር፣ ይኸው ምክር ለማን እንደሚደገም ልብ እንበል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የበለጠ ለደከመው ወገን ነው። “ደከመኝ፣ ብቻዬን ተሸከምኩት” ያለው ሰው “ተው አትቁጠር” ይባላል። በአገራችን እውነታ ደግሞ ይህ ሰው በአመዛኙ ሴት ስለሆነች ምክሩ “አትቁጠሪ” ሆኖ ይደርሳታል።

እኔ የምለው ቆጠራን ከማውገዛችን በፊት ቆጣሪው ለምን መቁጠር እንደጀመረ እንጠይቅ ነው። ትዳር የሚያፈርሰው በልብ ተሸሽጎ የሚያዘው ሒሳብ ነው። ይህ ሒሳብ ደግሞ “ተው” ስለተባለ አይዘጋም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀጥላል። የሚዘጋው በሁለቱም ፊት በግልጽ ሲቆጠር ብቻ ነው።

የባልና ሚስት ጠብ ለመስማት የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። የዕለቱ ምክንያት ትንሽ ነው፤ ያልታጠበ ድስት፣ የዘገየ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሳይነገር ለእህት የተላከ ሁለት ሺህ ብር። ተነግሮ ለማለቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ግን የቆየው መዝገብ ይከፈታል። “ልጁ የታመመ ጊዜ ሦስት ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረው ማን ነው?” “ከሥራ በወጣሽበት ዓመት የቤት ኪራዩን የከፈለው ማን ነው?” “የእናትህን ተዝካር ያወጣሁት እኔ አይደለሁም?” እያንዳንዱ ጥያቄ ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ አንዳንዴም የብር መጠን አለው። ይህ ሁሉ በአንድ ምሽት የተሰበሰበ አይደለም። ሌላው ወገን ደንግጦ “ይህን ሁሉ ስትቆጥሪ ነበር?” ይላል፤ አፍታም ሳይቆይ ግን መልሱን ከራሱ መዝገብ ያወጣል። ሁለቱም ሲጽፉ ኖረዋል።

ሁለቱ መዝገቦች ለምን እንደማይገናኙ ለመረዳት አንድ የቤት ውስጥ ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። የዓመት በርበሬን እንውሰድ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ዋጋ ታጠናለች፤ መቼ እንደሚወርድ ከጎረቤት ትጠይቃለች። ዛላውን ትመርጣለች፤ የሻገተው ይለያል። ከዚያ መቀንጠስ አለ፤ አፍንጫና ዓይን የሚያቃጥል፣ ጣት ሲለበልብ የሚያድር ሥራ ነው። ይታጠባል፣ ይሰጣል፤ ደመና ባየች ቁጥር እየተነሣች ትሰበስበዋለች። ነጭ ሽንኩርቱ ይላጣል፣ ዝንጅብሉ ይከተፋል፣ በሶብላው ይለቀማል፤ ከበርበሬው ጋር ተደልዞ እንደገና ይሰጣል። ኮረሪማው ይፈለፈላል፤ ጥቁሩና ነጩ አዝሙድ ይበጠራል፣ ይታመሳል። በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ተራ ትጠብቃለች፤ የሌላ ሰው እህል እንዳይቀላቀልባት ከወፍጮው አጠገብ አትርቅም። በዚህ ሁሉ መካከል የዘወትሩ ሥራ አልቆመም፤ ሊጡ ይቦካል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ይመጣል።

አሁን ስለዚሁ በርበሬ ባልየውን ጠይቁት። ገንዘቡን የሰጠው እሱ ነው፣ ያውም በዚህ የኑሮ ውድነት። ጆንያውን ከታክሲ አውርዶ ደረጃውን ያወጣው እሱ ነው። ቅዳሜውን አጥፍቶ ወፍጮ ቤት ያደረሳትም እሱ ሊሆን ይችላል። አይዋሽም። ያየውን ነው የሚናገረው። ያላየው ግን በእርከን በእርከን የተሠራውንና ማንም ሳያስታውሳት በጭንቅላቷ ይዛው የሰነበተችውን ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው በርበሬ ከማለቁ በፊት ማለቁን ማወቅ ራሱ ሥራ ነው።

ሚስት የማታየው የባል ድካምም አለ፤ ይህን መደበቅ ፍትሕ አይሆንም። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ሰልፍ የሚይዝ፣ አለቃው ያዋረደውን ዋጥ አድርጎ ቤት የሚገባ፣ አከራዩ “ጨምር ወይም ልቀቅ” ያለውን ለሁለት ሳምንት ለማንም ሳይነግር የሚብሰለሰል፣ ገጠር ላሉ ወላጆቹ የሚልከው ካጠረበት ተበድሮ የሚሞላ ሰው አለ። ይህ ሰው ማታ ዝም ብሎ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጥ ሚስቱ የምታየው ተቀምጦ ነው። እሷም አትዋሽም።

በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሆኑት ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይተዋል። 37 ጥንዶችን ይዘው ባልንም ሚስትንም ለየብቻ ስለ 20 የቤት ጉዳዮች ጠየቁ፤ ቁርስ ከማዘጋጀትና ዕቃ ከማጠብ እስከ ልጅ መጠበቅ፣ ከዚህ ውስጥ የአንተ ድርሻ ስንት ነው፣ የአንቺስ? የሁለቱ መልስ ሲደመር ከሙሉው መብለጥ አልነበረበትም። ከ20ዎቹ ጉዳዮች በ16ቱ በለጠ። ከ37ቱ ጥንዶች 27ቱ ዘንድ ድምሩ ከሙሉው አለፈ። ከጥያቄዎቹ አንዱ “ጠብ የሚጭረው ማን ነው?” የሚል ነበር፤ ሰዎቹ በዚህም ቢሆን የራሳቸውን ድርሻ ከፍ አድርገው ነበር የተናገሩት። እንግዲህ ነገሩ ራስን ከማሞገስ የመጣ ብቻ አይደለም። ሰው የራሱን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለሚያውቀው፣ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚታወሰው የራሱ ነው።

ስለዚህ በልብ የተያዘ ሒሳብ ሁለቱም በቅን ልቡና ቢሞሉት እንኳ አይታረቅም። ይህን ያወቀ ሰው ግማሽ ንዴቱ ሊበርድለት ይገባል፤ የትዳር ጓደኛው ድካሙን ያላስታወሰው ንቆት ላይሆን ይችላል።

ከዚህ ጥናት ተነሥቶ “ሁለቱም ያጋንናሉ፣ እንግዲህ እኩል ናቸው” ማለት ግን ትልቅ ስህተት ነው። ሁለት ሰዎች ድርሻቸውን ማጋነናቸው አንዱ ከሌላው በእጥፍ መሥራቱን አያስቀርም። የእኛው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ሰዎች ሃያ አራቱን ሰዓት በምን እንደሚያሳልፉት የሚመዘግብ አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሂዶ ነበር። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ማብሰል፣ ልጅና በሽተኛ መንከባከብ፣ ማለትም ደመወዝ የማይከፈልበት የቤት ሥራ፣ በአመዛኙ በሴቶች ትከሻ ላይ መውደቁን ጥናቱ አረጋግጧል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን ያስፈልጋል እላለሁ፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ሰነድ ላይ እስኪሰፍር ድረስ “ሁልጊዜ የምታማርሪው ነገር” እየተባለ ነው የሚታለፈው።

ክፍፍሉ ቤት ውስጥ በምን ዓይነት ቃል እንደሚሸፈን አሜሪካዊቷ የሥነ ማኅበረሰብ ምሁር አርሊ ሆክሺልድ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋዋለች። ሁለቱም ደመወዝተኛ የሆኑ አንድ ባልና ሚስት ስለ ቤት ሥራ ለዓመታት ሲጨቃጨቁ ኖረው በመጨረሻ ተስማሙ፤ የላይኛው ፎቅ የእሷ፣ የታችኛው የእሱ። የላይኛው ፎቅ ማለት ማዕድ ቤቱ፣ ሳሎኑ፣ መኝታ ክፍሎቹና መታጠቢያው ነው። የታችኛው ጋራዡ ሲሆን ውሻውም ወደ እሱ ድርሻ ገባ። ሚስት ይህን “እኩል ተካፍለናል” ብላ ተቀበለችው፤ ካልተቀበለችው ትዳሩ ሊፈርስ ነበርና። እኛም ቤት ይህ እንግዳ አይደለም። “የውጭው የእኔ፣ የውስጡ የእሷ” የሚል ሰው መብራት ኃይልና ውሃ ክፍያን፣ የወረዳ ጉዳይን፣ የመኪና ጥገናን ይይዛል። እነዚህ በወር አንዴ፣ በዓመት ሁለቴ የሚመጡ ናቸው። የውስጡ ሥራ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይመጣል።

በከተማ ብዙ ቤት ውስጥ ይህ ልዩነት የማይታየው ደግሞ በመካከል ሦስተኛ ሰው ስላለች ነው። የቤት ሠራተኛዋ ሁለቱም ያልያዙትን ትይዛለች፤ ባልና ሚስት ስለ ክፍፍል መነጋገር ሳያስፈልጋቸው ዓመታት ያልፋሉ። ለበዓል ብላ አገሯ ሄዳ ስትቀር ግን በሳምንቱ ውስጥ ሁሉ ነገር ይፈታል። ያን ጊዜም ቢሆን ደላላ ጋ ደውላ፣ ተያዥ ጠይቃ፣ አዲሷን ልጅ የወጡን ዓይነት እያሳየች የምታለማምደው ሚስት ናት። “ሠራተኛ ቀጥሬላት” የሚል ባል ያንን ሥራ በየትኛው ዓምድ እንደሚጽፈው ቢያስብበት እወዳለሁ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ መሸፈኛ የላቸውም። ሠራተኛ የለችም፣ አያት አጠገብ የለችም፤ አንዱ የሌሊት ፈረቃ ሲገባ ሌላው ከቀን ፈረቃ ይመለሳል። አገር ቤት ምጣድ ነክቶ የማያውቅ ወንድ እዚያ ልጅ አጥቦ፣ ምሳ ቋጥሮ ትምህርት ቤት ሲያደርስ እናያለን። ይህን መማራቸው ቅር የሚያሰኘው ዘመድ ካለ ያሳዝነኛል።

ሽማግሌዎቹን ወደሚደግፈው ማስረጃም ልለፍ፤ አለና። ማርጋሬት ክላርክ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ሁለት ሁለት ሰዎች በጋራ አንድ ቀላል ሥራ እንዲሠሩ አደረገች። በቁጥሮች ሠንጠረዥ ውስጥ የተባሉትን ቁጥሮች እየተፈራረቁ ፈልጎ ማክበብ ነው፤ የሚገኘውን ሽልማት ሁለቱ ይካፈሉታል። ጥቁርና ቀይ እስክሪብቶ ተቀምጦላቸዋል። የማይተዋወቁት ሰዎች አብዛኞቹ ጓደኛቸው ካነሣው የተለየ ቀለም አነሡ፤ ማን ስንት እንዳገኘ በኋላ መለየት እንዲቻል። ወዳጅ የሆኑት ግን ለቀለሙ ደንታ አልነበራቸውም። ከአምስት ዓመት በኋላ ክላርክ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው ሌላ ጥናት ደግሞ የበለጠ ይጠቅመናል። ወዳጅ የሆኑ ሰዎች ወዳጃቸው ስንት እንዳዋጣ ከመከታተል ይልቅ እርዳታ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ የሚያመለክተውን መብራት ነበር ደጋግመው የሚያዩት።

ጥሩ ትዳር ይህን ይመስላል። “ስንት ሰጠሁ?” የሚለው ቦታ አጥቶ “ምን ጎደለባት? ምን ከበደው?” የሚለው ይነግሣል። ከጥናቱ ስንማር ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። ወዳጆቹ መቁጠር የተዉት እያንዳንዳቸው ሌላው መብራቱን እንደሚያይላቸው ስላመኑ ነው። መብራቷ ለአሥር ዓመት በርቶ ማንም ዞር ብሎ ያላየላትን ሴት “ወዳጅ አይቆጥርም” ማለት ጭካኔ ነው። እሷ ቀይ እስክሪብቶ ያነሣችው ወዳጅነቱ ከተጓደለ በኋላ ነው።

አባቶቻችንስ በእርግጥ ሳይቆጥሩ ነው ያጋቡት? በሰሜኑ ደጋ ገበሬ ቤት በሰማኒያ ሲጋቡ የሁለቱ ወገን ወላጆች ለልጆቻቸው መቋቋሚያ የሚሰጡት በሬ፣ ላምና በግ በሽማግሌ ፊት እየተቆጠረ ይመዛዘን ነበር። ጋብቻው ቢፈርስ እያንዳንዱ ይዞት የመጣውን ያነሣል፣ አብረው ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ። ደመወዝ የሚባለው ጋብቻ ደግሞ ለሴቲቱ የሚከፈላት አስቀድሞ ተነግሮ የሚገባበት ነበር። ማለቴ ያ ዘመን ይመለስ አይደለም፤ በደመወዝ የገባችዋ ሴት ምን ያህል መብት እንዳልነበራት እናውቃለን። ማለት የፈለግሁት ቆጠራ ከባህላችን የወጣ ነገር አለመሆኑን ነው። የሚቆጠረው ከብትና ጥሎሽ ነበር፣ የሚቆጠረውም በመግቢያው ቀን፣ በምስክር ፊት ነበር። የሴቲቱ የዕለት ድካም ግን ያን ጊዜም አልተቆጠረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ድካም ግዴታ አድርጎ ጻፈው። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው አለ፤ ባል አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራም ደነገገ። ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንድና ሴት ሲጋቡም፣ በትዳር ሳሉም፣ ሲፋቱም እኩል መብት እንዳላቸው አወጀ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የባልን ራስነት አነሣው። ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

አዋጁ ስለ ሒሳብ የሚለውን ብዙ ባለትዳሮች አያውቁትም። ባልም ሆነ ሚስት በትዳር ዘመናቸው በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። በአንቀጽ 63 ደግሞ አንድ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ፣ የግሌ ነው የሚለው ሰው ማስረጃ አቅርቦ እስካላረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ዕጣ የወጣበት ኮንዶሚኒየም በባል ስም መሆኑ ብቻውን የባል አያደርገውም። ከ500 ብር በላይ ለመበደር እንኳ የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ፍቺ ሲመጣም የጋራው ንብረት እኩል ይካፈላል። ዳኛው “አንቺ ስንት እንጀራ ጋገርሽ፣ አንተስ ስንት ደመወዝ አስገባህ?” ብሎ ድርሻ አይለካም።

ይህ የሕጉ ትልቁ ጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላውን መንገድ የሞከሩ አገሮች ምን እንደገጠማቸው አይተናል። በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በቻይና አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ እንደጀመረ፣ የቤጂንግ ፋንግሻን ወረዳ ፍርድ ቤት አንድ ባል ለፈታት ሚስቱ ለአምስት ዓመት የቤት ሥራዋ 50,000 ዩዋን እንዲከፍላት ወሰነ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ የቤት ሥራ ሥራ መሆኑን ፍርድ ቤት መሰከረ። ነገር ግን ዋጋው በወጣ ማግስት በአገሩ ሕዝብ ዘንድ ትልቅ ክርክር ተነሣ። አምስት ዓመት ያለ ዕረፍት የሠራች ሴት የምታገኘው ከአንድ ቅጥር ሠራተኛ ያነሰ ነው ወይ ብለው ብዙዎች ተቆጡ። የቤት ድካም ዋጋ ሲወጣለት ሁልጊዜ ያንሳል፤ ሌሊት ከሕፃን ጋር ነቅቶ ማደር የገበያ ዋጋ የለውም። “ግማሽ የአንቺ፣ ግማሽ የእሱ” የሚለው ድንጋጌ ግን ድካሙን ሳይመነዝር ያከብረዋል።

ችግሩ ሕጉ ቤት ውስጥ የሚገባው ቤቱ ሲፈርስ መሆኑ ነው። ትዳሩ እስካለ ድረስ ለሽንኩርት መግዣ ጠዋት ጠዋት እጁን አይታ የምትጠይቅ፣ ለአስቤዛ የተሰጣትን ማታ በሳንቲም እንድታስረዳ የምትጠየቅ ሴት፣ የቤቱ ግማሽ ባለቤት መሆኗ ትዝ አይላትም። እሱም ትዝ አይለውም። ሒሳብ አይያዝም በሚባልበት አገር የእሷ ወጪ በየቀኑ ሒሳብ ሲያዝበት የእሱ ከጓደኞች ጋር ማምሻ የማይጠየቅበት ቤት ሞልቷል። ሽማግሌ “አትቁጠሪ” ሲላት ይህ የአንድ ወገን ቆጠራ መኖሩን ቢያነሣ ፍርዱ የተሻለ ይሆን ነበር።

መቁጠር ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ይህን ሳልሸፋፍን ልናገር። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዱባይ ሄዳ በሰው ቤት ተቀጥራ ደመወዟን በየወሩ በሃዋላ ለባሏ የምትልክ እህት ደረሰኝ መያዟ ፍቅር ማጣት አይደለም። እሷ እዚያ የምታገኘው ገቢ በሕግ የጋራ ነው፤ በእሱ ስም የተሠራው ቤትም እንደዚያው። በወንድሙ ወይም በእናቱ ስም ከተመዘገበ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፣ ያን ጊዜ ከባዶ እጅ የሚያድናት የላከችበት ማስረጃ ነው። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ቤቱንም ባሉንም ያጡ ሴቶች ታሪክ ለማናችንም አዲስ አይደለም። አንዱ ወገን ገቢውን ሲደብቅ፣ የጋራውን ሲያሸሽ፣ በገንዘብ እያስራበ ሲገዛ፣ ወይም እጁን ሲያነሣ የተበደለው ወገን መረጃውን ይያዝ። በዚህ ሁኔታ ያለን ሰው ስለ ፍቅር ቸርነት መምከር በደሉን ማራዘም ነው።

ከዚህ ክፉ ደረጃ ያልደረሰው ብዙኃኑ ትዳር ግን ማስረጃ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው አንድ ረጅም ጭውውት ነው፤ በጠብ ሰዓት ያልሆነ። በዚያ ጭውውት ላይ የገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የማይታየውን ሥራ ሁሉ በስሙ መጥራት ይገባል። የልጁን ክትባት ቀን የሚያስታውስ ማን ነው? ከትምህርት ቤት ሲደወል የሚሮጥስ? ለቅሶ መድረስ፣ አራስ መጠየቅ፣ የሁለቱን ወገን ዘመድ መያዝ በማን ላይ ነው? የማን እንቅልፍ ነው የሚቆረጠው? የማን ደመወዝ ነው ለቤት የሚያልቀው፣ የማንስ ነው የሚጠራቀመው? መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ይደነግጣሉ፤ ሁለቱም የራሳቸውን ያበዛሉ፣ ይህ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። ዋናው ነገር አንዱ የሌላውን ዝርዝር ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው መስማቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሲከፋፈል ከእነ ሐሳቡ ይሰጥ። “ንገሪኝ፣ ላግዝሽ” የሚል ባል መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን ምን መሠራት እንዳለበት የማሰቡን ሸክም እዚያው ትቶታል። አስቤዛውን የያዘ ሰው ዘይት ማለቁን ራሱ ይወቅ። የትምህርት ቤቱን ጉዳይ የያዘ ስብሰባውን ሳይነገረው ይሂድ። ሚስትም ሥራውን ከሰጠች በኋላ በእሷ መንገድ አልተሠራም ብላ መልሳ አትንጠቅ፤ ይህ ብዙ ፈቃደኛ ወንዶችን ከማዕድ ቤት ያባረረ ነገር ነው። ክፍፍሉ የግድ እኩል በእኩል መሆን የለበትም። አንዷ አራስ ናት፣ አንዱ ሥራ አጥቷል፣ የአንዷ እናት ታማለች፤ ዘንድሮ የከበደው ለዓመቱ ይቀላል። ሁለቱም አይተው፣ ተስማምተው የተሸከሙት ያልተስተካከለ ሸክም በልብ አይጻፍም።

ለመጋባት የተዘጋጃችሁ ወጣቶች ደግሞ ከእኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ። የቤተሰብ ሕጉ በአንቀጽ 42 ተጋቢዎች ከጋብቻቸው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት በሚያደርጉት ውል ስለ ንብረታቸው ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ ስላላቸው መብትና ግዴታም መወሰን እንደሚችሉ ይናገራል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በባል በኩል ሁለት፣ በሚስት በኩል ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክር ይፈልጋል። ለአዳራሹ፣ ለሚዜ ልብስና ለቪዲዮው ከምታውሉት ጊዜ አንዱን ምሽት ለዚህ ስጡ። ማን ምን እንደሚይዝ፣ ልጅ ሲመጣ የማን ሥራ እንደሚቀንስና ያ ወገን እንዴት እንደሚካስ፣ ለሁለቱ ወላጆች ምን ያህል እንደሚላክ ተነጋግራችሁ ጻፉት። ሽማግሌዎቹም ከመፈረማችሁ በፊት ያንብቡላችሁ።